ጉንተር ጌበል ዊልያምስን የምታስታውሱ አላችሁ?

የድሮው_ዲሲ

ሰላም ለቤቱ። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ልጽፍ ነው። በሰማንያዎቹ አሜሪካ የነበራችሁ፣ በተለይ ዲሲና አካባቢው፣ ሪንግሊንግ ሰርከስ አርሞሪ አዳራሽ ሲመጣ ገብታችሁ ከሆነ ታውቁት ይሆናል። ጉንተር ጌበል ዊልያምስ፣ ጀርመናዊው የታይገር አሰልጣኝ። ጸጉሩ ከቢጫ አልፎ ነጭ የመሰለ፣ ልብሱ ከላይ እስከ ታች የሚያብለጨልጭ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።)

እኔ ያየሁት በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። በሱዳን በኩል አሜሪካ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም፣ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ አለቃችን ለሠራተኛው ሁሉ ትኬት አደለን። ገባን። መሃል ላይ ክብ የብረት አጥር ተተክሏል። ታይገሮቹ በጠባብ የብረት መተላለፊያ አንድ በአንድ ይገባሉ። እያንዳንዱ የራሱን በርጩማ ያውቃል፣ ሄዶ ይወጣበታል። አንዷ ግን እምቢ አለች። መሬት ላይ ተኝታ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ታየዋለች። ሰውየው አልጮኸባትም። ጅራፍ ይዟል፣ አላነሳውም። ጠጋ ብሎ በጀርመንኛ ያወራት ጀመር፣ ቀስ ብሎ፣ ስሟን እየደጋገመ። መዳፏን ሰነዘረችበት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ቆሞ ጠበቃት። አዳራሹ ውስጥ ኮሽ የሚል የለም። ከዚያ በራሷ ጊዜ ተነስታ በርጩማው ላይ ወጣች። ከዱላ ጫፍ ቁራጭ ሥጋ ሰጣትና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው ዞረ።

ሕዝቡ ብድግ ብሎ ያጨበጨበው በኋላ ታይገሩ ዝሆን ጀርባ ላይ ሲወጣ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኬኒ የሚሉትን ነብር እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ አጣፍቶ ሲዞር። እኔ ግን ልቤ የቀረው እምቢ ያለችው ታይገር ጋ ነው። እንደዚያ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሰውየው ከሞተ ቆየ። ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አጣሁ። ያያችሁት ወይም ያነበባችሁ ካላችሁ እስቲ አውሩኝ።

ሸገር_ልጅ

ጋሼ እናመሰግናለን። እኔ ስሙን ገና ዛሬ መስማቴ ነው። እኛ ሰርከስ ሲባል የምናውቀው ልጆች ሲገለባበጡ፣ ሰው ሰው ትከሻ ላይ ሲቆም ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ከተጀመረ ጀምሮ እንስሳ የሚባል አልነበረበትም። ታይገር ዝሆን ላይ ተቀምጦ ሲዞር ማሰብ ራሱ ይከብደኛል። ዝሆኑ ዝም ብሎ ይሸከመዋል? ሰውየውስ ከየት ተማረው? ቤተሰቡ የሰርከስ ሰዎች ነበሩ?

የድሮው_ዲሲ

አይደሉም። እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው።

የተወለደው በ1934 ሽቫይድኒትዝ ነው። ያኔ የጀርመን ነበረች፣ ዛሬ የፖላንድ ናት። አባቱ የቲያትር መድረክ ይሠራ ነበር፣ ጦርነቱ ወሰደው። ጦርነቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ኮሎኝ ደረሰ። በ1947 እናቱ ሰርከስ ዊልያምስ በሚባል ቤት ልብስ ሰፊ ሆና ተቀጠረች። ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ትታ ሄደች፣ ልጁ ግን እዚያው ቀረ። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ፣ በፈረሰ አገር፣ ብቻውን። ስደት የቀመሰ ሰው ይህን ታሪክ ዝም ብሎ አያልፈውም።

የሰርከሱ ባለቤቶች ሃሪና ካሮላ ዊልያምስ አሳደጉት። መጀመሪያ የተማረው ፈረስ ነው፣ ቀጥሎ ዝሆን፣ ታይገሮቹ ጋ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሃሪ በ1951 ሲሞት ገና በአፍላ ዕድሜው የሰርከሱ ሸክም ትከሻው ላይ ወደቀ። ዊልያምስ የሚለውን ስም የጨመረውም ለዚህ ቤተሰብ ብሎ ነው። ጌበል የወላጆቹ ነው።

ዝሆኑን ለጠየቅኸው፣ ዝም አይልም። ዝሆንም ፈረስም የታይገር ሽታ ሲደርሰው ይደነብራል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚለመደው ሽታው ነው። በብረት ተለይተው ጎን ለጎን ይውላሉ፣ ርቀቱ በየጊዜው ይቀነሳል፣ ጥፍር እንዳይነካው ዝሆኑ ጀርባ ላይ ወፍራም መደብ ይጫናል። ወራት የሚፈጅ ነገር ነው። ጉንተር ደግሞ ዝሆንና ፈረስን በአንድ ትርኢት ውስጥ አድርጎ ታይገሩን ከአንዱ ወደ አንዱ ያዘልለው ነበር። ሦስቱንም ዓይነት እንስሳ ለየብቻ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ይህን አይሞክረውም።

የሞስኮ_ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ የድሮው ዲሲ። ጉንተርን በአካል አላየሁትም፣ ግን የሙያ ጓደኞቹን አይቻለሁ ማለት እችላለሁ። በደርግ ጊዜ ሞስኮ ነው የተማርኩት። እዚያ ሰርከስ የመንግሥት ነው። ትምህርት ቤት አለው፣ አርቲስቶቹ ማዕረግ ይሰጣቸዋል። ቬርናድስኪ ጎዳና ላይ ያለው ትልቁ ሰርከስ በ1971 ነው የተከፈተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶርም ተሰባስበን እንሄድ ነበር።

እዚያ ሁሉም የሚያነሳት ኢሪና ቡግሪሞቫ ናት። ካርኪቭ በ1910 የተወለደች፣ የአንበሳ አሰልጣኝ። ከአንበሳ ጋር ዥዋዥዌ ላይ ወጥታ ከመድረኩ በላይ ትወዛወዝ ነበር፣ አንድ አንበሳና አንዲት ሴት በአንድ ጣውላ ላይ። ሥራውን ያቆመችው በ1976 ስለሆነ አልደረስኩባትም። ስለ እሷ የነገሩኝ ሩሲያውያን ግን ስለ ድፍረቷ አያወሩም፣ አንበሶቹን በየጠባያቸው ታውቃቸው ነበር ነው የሚሉት። የትኛው ተንኮለኛ ነው፣ የትኛው ጠዋት ይነጫነጫል፣ የትኛው ከየትኛው አጠገብ አይቀመጥም። አንተ ስለ ጉንተር ከጻፍከው ጋር አንድ ነው። የሞቱትም በአንድ ዓመት ነው፣ 2001።

ሐኪመ_እንስሳት

እኔ በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ አንበሳ አሰልጥኜ አላውቅም፣ ግን ጋሼ የጻፉት ነገር አላስቀምጥ አለኝ። «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ» ያሉት ላይ ነው የሥራው ሁሉ ቁልፍ።

ሃይኒ ሄዲገር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ነበር። የባዝልንና የዙሪክን የአራዊት ማቆያዎች የመራ፣ ሰርከስንም ቁጭ ብሎ ያጠና። እሱ እንዳስረዳው ማንኛውም የዱር እንስሳ በዙሪያው የማይታይ መስመር አለው። መስመሩን ስታልፍ ይሸሻል። መሸሻ ካጣና የበለጠ ከቀረብከው ያጠቃል። አሰልጣኙ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ርቀቶች መሃል ነው። ግማሽ እርምጃ ሲጠጋ ታይገሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሲመለስ ታይገሩ ይረጋጋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ማለቱ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፣ ለእንስሳው የሚከፈል ዋጋ ነው። «የፈለግሁትን አደረግሽ፣ ስለዚህ ተውኩሽ» ማለት ነው። ሥጋው ቀጥሎ ይመጣል።

በርጩማውም ለጌጥ አይደለም። የራሱ ቦታ ያለው እንስሳ ከጎረቤቱ ጋር አይጣላም። ጅራፍና ዱላውም በአብዛኛው እጅን ለማስረዘም ነው፣ ለማመልከት።

አንድ ነገር ግን ላስምርበት። ታይገር አይላመድም። ይሠለጥናል እንጂ የቤት እንስሳ አይሆንም። እንዲያውም በጡጦ ያደገው ሰውን ስለማይፈራ የባሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በ2003 ላስ ቬጋስ ላይ የመድረክ አስማተኛውን ሮይ ሆርንን አንገቱን ይዞ የጎተተው ታይገር ለዓመታት አብሮት መድረክ ላይ የወጣ ነው። ስለዚህ ጉንተር ነብር ትከሻው ላይ ሲያጣፋ «ይወደዋል» ብሎ ብቻ ማለፍ ልክ አይደለም። በየቀኑ፣ በየደቂቃው ሲያነበው ነው የኖረው።

ኦሃዮ_አበሻ

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ የእኛ የኦሃዮ ሰው ነው፣ ክላይድ ቢቲ። ቤይንብሪጅ በ1903 የተወለደ። ወንበር በአንድ እጅ፣ ጅራፍ በሌላው፣ ወገቡ ላይ ባዶ ጥይት የሚተኮስበት ሽጉጥ። አንበሳና ታይገር ቀላቅሎ አርባ የሚደርስ ባንዴ ያስገባ ነበር። ወንበሩ የራሱ ጥበብ አለው፣ አራቱ እግሮች ሲጠቆሙበት አንበሳው የትኛውን እንደሚመታ ግራ ይገባዋል። በ1932 ኢንዲያና ውስጥ ፔሩ በምትባል ከተማ ኔሮ የሚባል አንበሳ ነክሶት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው።

ዛሬም ሰው አንበሳ አሰልጣኝ ሲባል የሚመጣበት የቢቲ መልክ ነው። ትርኢቱ ውጊያ ነበር፣ ሕዝቡም የሚገባው አንበሳው ሊበላው ነው ብሎ ነው። ጉንተር አሜሪካ ሲመጣ ይህን ነው የለወጠው። ፈገግ እያለ ገባ። አውሬውን ሳያዋርድ ሕዝቡን ከወንበሩ ማስነሳት እንደሚቻል አሳየ።

ሲያትል_ነኝ

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም፣ ግን አንድ ሰው መናገር አለበት።

ትርኢቱ ደቂቃዎች ነው። ቀሪውን ቀን ታይገሩ የት ነው? ሳጥን ውስጥ። ባቡር ላይ። በዱር ቢሆን በብዙ ኪሎ ሜትር የሚለካ ግዛት የሚያዳርስ እንስሳ ነው። እኔ እዚህ አንድ የአራዊት መጠለያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ፣ ከሰርከስ የመጣች አሮጊት ታይገር ነበረችን። ሰፊ ሜዳ ተለቆላት እንኳ አንድ ጥግ ይዛ ስምንት እርምጃ ሄዳ ትዞራለች፣ ስምንት እርምጃ ሄዳ ትዞራለች። ሣሩ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ተልጦ መሬቱ ይታይ ነበር። እሱን ካየሁ በኋላ ጭብጨባ ስሰማ ደስ አይለኝም።

የሪንግሊንግን ነገር ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኩባንያው በ2011 በእንስሳት አያያዝ ሕግ የተነሳ ለአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት 270,000 ዶላር ከፍሏል። ዝሆኖቹን በ2016 አቆመ፣ በ2017 ሰርከሱ ራሱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከሰርከሱ ታይገሮች አንዷ፣ ሱዚ የምትባል፣ ወደ ጀርመን ልትላክ በመኪና ስትጓዝ ጆርጂያ ላይ አምልጣ ፖሊስ ገደላት። ሕይወቷን ሙሉ መድረክ ላይ ሠርታ መጨረሻዋ ሰው ጓሮ ውስጥ በጥይት። እኔ ይህን ነው የማስታውሰው።

የድሮው_ዲሲ

እህቴ፣ ደስታ አላደፈረስሽም። ስለ አሮጊቷ ታይገር የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሥራው መቆሙን አልቃወምም። ኒው ጀርሲና ሃዋይ በ2018 የዱር እንስሳ በሰርከስ ሲከለክሉ፣ እንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ስትከለክል፣ ልክ ነው ብያለሁ። ለትርፍ ብሎ ታይገር በሳጥን ከከተማ ከተማ ማዞር የሚቀጥል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰውየውን ከሳጥኑ ጋር አብሮ መጣል ልቤ አይፈቅድም። እሱ በተወለደበት ጊዜ ለአንድ ስደተኛ ልጅ የተከፈተለት በር ይህ ነበር። በዚያ በር ገብቶ ደግሞ ሌሎቹ በኃይል ይሠሩት የነበረውን በትዕግሥት ሠራ። ከእሱ በፊት ያን ቤት የሞላው ሽጉጥና ወንበር ነበር፣ ኦሃዮ አበሻ እንደጻፈው። አንድ ሰው ሙያውን ከገባበት የተሻለ አድርጎ ከወጣ ያ ሰው ሊታወስ ይገባዋል ነው የምለው።

ሲያትል_ነኝ

ይህን እቀበላለሁ። ከሌሎቹ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ዝሆኖቹንም ያሠራው ሌሎቹ በሚይዙት ሜንጦ፣ በባለ መንጠቆው ዱላ ነው፣ ያ መሣሪያ ደግሞ ጫፉ ስለት ነው። ስናስታውሰው እሱንም አብረን እናስታውስ። ለትዕግሥቱ ያለቀሰ ሰው ለሜንጦውም ቃል ይኑረው።

የድሮው_ዲሲ

ይኑረው። አብሮ ይጻፍ።

ፍሎሪዳዊት

ዘግይቼ ነው የገባሁት። የምኖረው ከቬኒስ ፍሎሪዳ ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። ሪንግሊንግ ከ1960 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ክረምቱን ያሳለፈው እዚያ ነበር፣ ባቡሩ እንስሶቹን እዚያ ያወርዳል። ጉንተርም የሞተው እዚያው ቬኒስ ነው፣ ጁላይ 19 ቀን 2001፣ በጭንቅላት ካንሰር፣ በ66 ዓመቱ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ዛሬም «ጉንተር» ብቻ ነው የሚሉት፣ የአባት ስም አይጨምሩም።

ግን ወንዶች ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ሜብል ስታርክን ላንሳ። ከጉንተር በጣም የምትቀድም አሜሪካዊት የታይገር አሰልጣኝ ናት። ነርስ ነበረች ይባላል፣ ከዚያ ታይገር ማሠልጠን ውስጥ ገባች። ራጃ የሚባለውን ከግልገልነቱ አሳድጋ መድረክ ላይ ትታገለው ነበር። በ1928 ባንጎር ሜይን ላይ በዝናብ ቀን ታይገሮቹ አንስተው ጣሏት፣ ሰውነቷ ተቦጫጨቀ። ድና ተመለሰች። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ እንኳ ካሊፎርኒያ ታውዘንድ ኦክስ ውስጥ ጀንግልላንድ በሚባል ቦታ ከታይገሮቿ ጋር ትሠራ ነበር። በ1968 ከዚያ አስወጧት። ከዚያ በኋላ ከታይገሮቿ አንዷ አምልጣ በጥይት ተገደለች፣ «እኔን ቢጠሩኝ ባዳንኳት ነበር» ብላ አዘነች ይባላል። ብዙም አልቆየችም፣ በዚያው ዓመት ራሷን አጠፋች። ሲያትል ነኝ የጻፈችውን የሱዚን ታሪክ ሳነብ ይህች ሴት ነው የመጣችብኝ። የሚያውቀው ሰው ሳይጠራ ይተኮሳል።

ሸገር_ልጅ

እኔ ስድስት ኪሎ ነው የተማርኩት። ሌሊት ዶርም ተኝተን የአንበሳ ግቢ አንበሶች ሲያገሱ ይሰማን ነበር፣ አዲስ ተማሪ ይደነግጣል፣ እኛ ለምደነዋል። ግቢው በጃንሆይ ጊዜ በ1948 የተቋቋመ ነው። አንበሶቹ ጎፈራቸው ጥቁር ነው፣ በ2012 የታተመ የጄኔቲክ ጥናት ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እኔ ግን ስሄድ ሁልጊዜ የማየው የሚያበላቸውን ሽማግሌ ነበር። አንበሶቹን በስም ይጠራቸዋል፣ ከእኛ ጋር ሲያወራ እንኳ ዓይኑ ከእነሱ አይነቀልም። ሰዉ ሁሉ አንበሳውን ፎቶ ያነሳል፣ ሽማግሌውን የሚጠይቀው የለም። አሁን ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ብዙ ነገር ልጠይቀው እችል እንደነበር ነው የተሰማኝ። ሐኪም፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ያለው እውቀት ይጻፋል?

ሐኪመ_እንስሳት

አብዛኛው አይጻፍም። እኛ የምንጽፈው በሽታውን፣ መድኃኒቱን፣ ክብደቱን ነው። «ይህቺ ከመታመሟ ሁለት ቀን በፊት ውሃ ስትጠጣ ትቆማለች እንጂ አትተኛም» የሚለው ያለው አብሏት በሚውለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ዛሬ በጥሩ የአራዊት ማቆያዎች ታይገር ያለ ማደንዘዣ መርፌ እንዲወጋ፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን እንዲያሳይ፣ መዳፉን ከብረቱ ላይ እንዲያሳርፍ ይሠለጥናል። በመካከል አጥር አለ፣ ሽልማቱም ሥጋ ነው። መሠረቱ ግን ጉንተር የሠራበት ነገር ነው፣ መቅረብ፣ መጠበቅ፣ መተው። ዓላማው ተለወጠ እንጂ እጁ ያው ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ስሙን አላውቀውም ነበር፣ ግን ነብር ትከሻው ላይ ስትሉ አስታወስኩት! የአሜሪካን ኤክስፕረስ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የወጣው እሱ ነው አይደል? ነብሩ አንገቱ ላይ ሆኖ? ያኔ እንግሊዝኛም በቅጡ አልገባኝም፣ ነብሩን ነበር የማየው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እንዴት ነው አሜሪካ የመጣው? ተቀጥሮ ነው?

የድሮው_ዲሲ

እሱ ነው፣ ልክ ነህ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ኢርቪን ፌልድ የሚባል ሰው በ1967 ከአጋሮቹ ጋር ሪንግሊንግን በ8 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ ፊርማው የተፈረመው ሮም ኮሎሲየም ውስጥ ነው። ፌልድ የእኛው ከተማ ሰው ሊባል ይችላል፣ ዲሲ ውስጥ መድኃኒት ቤት ከፍቶ፣ ሸክላ ሙዚቃ ሸጦ ነው የተነሳው። ሰርከሱን ሊያድስ የፈለገው በጉንተር ነበር። ጉንተርን ብቻውን ማምጣት ስላልተቻለ በ1968 ሰርከስ ዊልያምስን እንዳለ በ2 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ሰው፣ ፈረስ፣ ዝሆን፣ ታይገር ሁሉ መርከብ ላይ ተጭኖ መጣ። በ1969 ሪንግሊንግ ሁለት ቡድን ሆነ፣ ቀዩና ሰማያዊው፣ ቀዩ በጉንተር ዙሪያ የተሠራ ነው። ስለ አንድ አሰልጣኝ ሲባል አንድ ሰርከስ ሁለት ሆነ።

ሸገር_ልጅ

አንድም ትርኢት አልቀረም የሚባለውስ እውነት ነው ጋሼ? አሁን ኢንተርኔት ላይ አየሁ።

የድሮው_ዲሲ

እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ከ12,000 በላይ ትርኢት፣ አንዱንም ሳይቀር። ክንዱ በጠባሳ የተሞላ ነበር፣ ተሰፍቶ ይገባል እንጂ አይቀርም። የስንብት ጉዞው ሁለት ዓመት የፈጀ ነው፣ በ1990 ጨረሰ። ልጁ ማርክ ኦሊቨር ተረከበ። ጉንተር ከዚያ በኋላም ቤቱ አልተቀመጠም፣ የኩባንያው የእንስሳት እንክብካቤ ኃላፊ ሆኖ እስኪታመም ድረስ አብሯቸው ዋለ።

ፍሎሪዳዊት፣ ቬኒስ ሐውልት አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ በዚህ ክረምት ልጆቼ ጋ ስወርድ ማየት እፈልጋለሁ።

ፍሎሪዳዊት

አለው፣ ጋሼ። የድሮው የባቡር ጣቢያ ጋ ነው፣ የሰርከሱ ባቡር ይቆምበት የነበረው። ጣቢያው ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከመምጣትዎ በፊት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ሲያትል ነኝ፣ አንቺም ወደዚህ ከመጣሽ እንዲሁ።